የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሰው በጎደለበት ቤት ገና ሲደርስ

የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል በዚህ እትም ሦስቱን እንመልሳለን። ሁለቱ ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ አላወጣንም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረዘም ያለ በመሆኑ ዋናውን ሐሳብ ሳንነካ አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ከተማው ሲታመስ ከሁለት ልጆቼ ጋር በእግር ወጣን። የሐረጎን ቁልቁለት ሳንወርድ ታላቁ ልጄ ‹ቤት የቀረ ነገር አለ፣ እናንተ ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ› ብሎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በሕይወት አለ የሚለኝም፣ ሞቷል የሚለኝም ሰው አላገኘሁም። ቡና ባፈላሁ ቁጥር የእርሱን ሲኒ ከሌሎቹ ጋር ረከቦት ላይ እደረድራለሁ፣ እቀዳለታለሁም፤ እንደተቀዳ ይቀዘቅዛል። ከጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ ‹ቁርጡን ዐውቀሽ ተዝካሩን አውጪ› ይሉኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ‹ሟርት ነው፣ ተስፋ አትቁረጪ› ይላሉ። ገና ሲደርስ ይብስብኛል። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሕዝቡ እልል ሲል የእኔ አፍ አይከፈትም። እምነቴ ጎድሎ ነው? ተስፋ ማድረጌስ ራሴን ማታለል ይሆንብኛል?»

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። እልል ሲባል አፍዎ አለመከፈቱ የእምነት ጉድለት አይደለም። ይህን የምልዎት ለማጽናናት ብቻ ብዬ አይደለም፤ የልደቱ ታሪክ ራሱ ስለ እርስዎ የሚናገረው ነገር ስላለው ነው።

በየዓመቱ ገና ሲደርስ ስለ ግርግሙ፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለ እረኞቹና ስለ ሰብአ ሰገል እንሰማለን። የማቴዎስ ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ሰብአ ሰገል እጅ መንሻቸውን አቅርበው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ከሄዱ በኋላ፣ ሄሮድስ በቤተ ልሔምና በአውራጃዋ ያሉትን፣ ሁለት ዓመትና ከዚያም በታች የሆናቸውን ሕፃናት አስገደለ፤ ወንጌላዊውም በዚያው ስፍራ የነቢዩን ቃል አንሥቶ «ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፥ መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና» ብሎ ጻፈ። ወንጌላዊው ይህችን እናት አይገሥጻትም። «ጌታ ተወልዷልና ዝም በይ» የሚላት ሰውም በምዕራፉ ውስጥ አይገኝም። መጽናናትን እንቢ ያለችው እናት ልቅሶ በጌታ ልደት ታሪክ መካከል እንዳለ ተጽፎ ቀረ፤ እኛም ዛሬ ድረስ እያነበብነው እንገኛለን።

ወደ ነቢዩ መጽሐፍ ከተመለስን ደግሞ ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር እናገኛለን። ኤርምያስ ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ተማርከው ስለ ተወሰዱ ልጆች ነበር። ልቅሶው የተሰማባት ራማም ምርኮኞቹ በሰንሰለት ታስረው ያለፉባት ስፍራ ናት፤ እናትና ልጅ የተለያዩባት መንገድ ናት ማለት ነው። ነቢዩ ከልቅሶው አስከትሎ ልጆችዋ ከጠላት አገር እንደሚመለሱ ለራሔል ይነግራታል። ማቴዎስ ደግሞ ያንኑ ቃል ወደ እናቶቻቸው እቅፍ ለማይመለሱት ለቤተ ልሔም ሕፃናት አዋለው። ስለዚህ የራሔል ልቅሶ ልጇ ይመጣል ብላ በር በር የምታይ እናት ልቅሶ ነው፤ ልጇን የቀበረች እናት ልቅሶም ነው። እርስዎ ከሁለቱ የቱ እንደሆኑ ሳያውቁ ዓመታት አልፈዋል። ሰዎች ቶሎ አንዱን እንዲመርጡ ቢገፋፉዎትም መጽሐፉ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዞ፣ ምርጫ ሳያስገድድዎት ያስለቅስዎታል።

አሁን ያለንበት ወቅትም ራሱ የሚጠብቁ ሰዎች ወቅት ነው። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ የምንጾመውን ጾም የነቢያት ጾም ያሰኘው፣ ነቢያቱ ከሩቅ አይተው፣ ሳይደርሱበት የጠበቁትን ነገር እያሰብን የምንጾመው ስለሆነ ነው። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስት ሳምንታት በቤተ ክርስቲያን ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በየሳምንቱ እሑድ የሚሰበከውን የመዝሙረ ዳዊት ምስባክ ልብ ብለው ያዳምጡት። በስብከት «እጅህን ከአርያም ላክ፤ አድነኝ» ይባላል። በብርሃን «ብርሃንህንና እውነትህን ላክ» ይባላል። በኖላዊ ደግሞ የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ አድምጥ ተብሎ ይለመናል። ሦስቱም ልመና ናቸው፤ ሦስቱም በጭንቅ ካለ ሰው አፍ የሚወጡ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ወደ ገና የምትገባው እንዲህ እየለመነች ነው። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ትቶ የሚያስበው የዶሮውን ዋጋ ነው፤ በዚህም የተነሣ ያዘነ ሰው በዓሉ የእርሱ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ወቅቱ ከማንም በፊት የእርስዎና እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ነው።

ስለ ራሴም ጥቂት ልበል። እኔም በዚያ ጥቅምት ከደሴ ከወጡት አንዱ ነኝ። ጊዜው ዘመነ ጽጌ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምታስብበት ወቅት። የነቢያት ጾም ሲገባ በሰው ቤት ነበርኩ። በኅዳር መጨረሻ መንገዱ ተከፍቶ ስንመለስ የቤቴ በር ተገንጥሎ፣ ምጣድ እንኳ ሳይቀር ተወስዶ አገኘሁት። የዚያ ዓመት ገና ሌሊት የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር፤ ብዙው ሰው ነጠላው የራሱ አልነበረም። ከጎኔ አንዲት እናት ቆመው ነበር። እልል ሲባል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ፤ ምን እንዳጡ አልጠየቅኋቸውም። ቅዳሴው ቀጥሎ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ ስንደርስና ሕዝቡ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ሲል ግን፣ እስከዚያ ድረስ ያልሰማሁት ድምፃቸው ከጎኔ ተሰማኝ። የተሰማኝም ያን አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሉ ብቻ ነው። ከዚያ ነጠላው ወደ አፋቸው ተመለሰ።

ይህን የማነሣው እርስዎ የጠየቁኝ ነገር በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስላለ ነው። በግእዙ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» እንላለን። ተስፋ የምንለው ቃል «ተሰፈወ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ተሰፈወ ማለት ይመጣል ብሎ ጠበቀ ማለት ነው። ደስ አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ ደስታ የሌለው ሰው ተስፋ ሊኖረው ይችላል፤ ተስፋ ያለው ሰውም ሊያለቅስ ይችላል። ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ማዘንን ከለከላቸው ብሎ የሚናገር ሰው ካለ ቃሉን ደግሞ ያንብበው፤ ሐዋርያው ያለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳታዝኑ ነው።

«ተስፋ ማድረጌ ራሴን ማታለል ነው?» ብለው ለጠየቁት በጥንቃቄ ልመልስ። በልብዎ ውስጥ ሁለት ተስፋዎች ተደራርበው ያሉ ይመስለኛል። አንደኛው ልጅዎ አንድ ቀን በሩን አንኳኩቶ ይገባል የሚለው ነው። ይህ የእናት ተስፋ ነው፤ ማንም ሊወስድብዎት መብት የለውም። ይሁን እንጂ በእግዚአብሔር ስም «ይመለሳል» ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም። እንዲህ ብለው ቃል የሚገቡ፣ ሕልም ዐየሁ የሚሉ፣ አንዳንዴም ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ወደ ቤትዎ መጥተው ከሆነ አይስሟቸው። ሁለተኛው ተስፋ ልጅዎ የትም ይሁን የት ከእግዚአብሔር እጅ አልወጣም፣ እግዚአብሔርም የሙታንና የሕያዋን ጌታ ነው የሚለው ነው። ይህኛው በወሬ መምጣትና መቅረት አይፈርስም። በዚሁ ጾም ውስጥ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በቅዱስ ገብርኤል በዓል የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ እንሰማለን። እነዚያ ሦስቱ ወጣቶች በእቶኑ ፊት ቆመው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ «እርሱ ባያድነን» ብለው ቀጠሉ፤ ቢያድናቸውም ባያድናቸውም ለምስሉ አንሰግድም አሉ። ወደ እሳቱ የገቡት በዚህ ቃል ነው። እኔ ስለ ክርስቲያን ተስፋ ከዚህ የበረታ ንግግር አላውቅም።

የዕለት ተዕለቱን ጉዳይ በተመለከተ የሚከተለውን እመክርዎታለሁ። ተዝካር ማውጣት አለማውጣቱን ጎረቤት አይወስንልዎትም፤ ጉዳዩን ይዘው የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። እስከዚያ ድረስ ግን ልጅዎ ከጸሎት ውጭ ነው ብለው አያስቡ። ቅዳሴው ስለ ተጓዦችም፣ ስለ ሕሙማንም፣ ስላንቀላፉትም ይጸልያል፤ የልጅዎን ስም በልብዎ ይዘው ሲቆሙ እግዚአብሔር በየትኛው ጸሎት እንደሚያገኘው ያውቃል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመሆን የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ እስካሁን አመልክተው ካልሆነ ደሴ በሚገኘው ቅርንጫፍ ቀርበው የልጅዎን ዝርዝር ያስመዝግቡ። መፈለግ ከእምነት ጋር አይጋጭም። እንቅልፍ የሚከለክልዎ፣ ምግብ የሚያስጠላዎ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድዎን እንደ እምነት ማነስ አይቁጠሩት፤ ጾሙንም ስለ ጤናዎ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ይያዙት።

ሲኒውን በተመለከተ ይተዉት፤ እንዳለ ይቀዳ። ከቻሉ ግን ሲቀዘቅዝ ከማየት ይልቅ በዚያ ሲኒ አንድ ሰው ይጠጣ። በዚያች ከተማ ልጁን የሚጠብቅ ወይም እናቱን ያጣ ሰው ከደጅዎ ብዙ አይርቅም፤ በገና ዕለት አንዱን ይጥሩትና በልጅዎ ሲኒ ያጠጡት። ታናሹ ልጅዎም ይህን ማየቱ መልካም ነው፤ እርሱም ወንድሙን አጥቷል፤ ስለ እርሱ ግን በደብዳቤዎ ውስጥ ከአንድ መስመር በላይ አልጻፉልኝም።

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 24 ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። ቤተሰቦቼ ወረኢሉ ናቸው። ጾሙን እየጾምኩ ነው፤ ነገር ግን ውስጤ ደረቅ ነው፤ ስጸልይም የተለየ ነገር አይሰማኝም። ዘንድሮ ደግሞ የገና ሌሊት ፈረቃዬ ሆኗል። ሰው በቤተ ክርስቲያን ሲያድር እኔ ማሽን ሥር አድራለሁ። እንዲህ ሆኜ በዓሉ ምን ተስፋ ይሰጠኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የልደቱ ብሥራት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው በሌሊት ሥራ ላይ ለነበሩ ሰዎች እንደሆነ አስተውለህ ታውቃለህ? ሉቃስ ወንጌላዊ እረኞቹ መንጋቸውን በሌሊት ሲጠብቁ በሜዳ ያደሩ እንደነበሩ ይነግረናል። ሜዳ ላይ ያደሩት እንደ አንተ ተራቸው ሆኖ ነው። መልአኩ የመጣው እነርሱ ወደ ነበሩበት ነው። ከገና በፊት ያለው የመጨረሻው ሳምንት ኖላዊ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኖላዊ በግእዝ እረኛ ማለት ነው፤ የሚወለደው እርሱ ራሱ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ እረኛ መሆኑን ሊነግረን ነው።

ስለ ውስጥህ መድረቅ የምልህ ይህን ነው። እረኞቹ መልአኩን ሲያዩ የተሰማቸው ደስታ አልነበረም፤ እጅግ ፈሩ ይላል። ከዚያ ተነጋገሩ፣ ፈጥነው ሄዱ፣ ሕፃኑን አገኙ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምስጋናው የመጣው ከሄዱ በኋላ ነው። አንተም ምንም ሳይሰማህ ጾመሃል፤ ጾሙ ከንቱ ነው አትበል። ስሜት ሳያግዘው የተጾመ ጾም ብዙ ዋጋ ያለው ይመስለኛል፤ ከራስህ ምንም ሳታገኝ ለእግዚአብሔር የሰጠኸው ነውና።

ፈረቃህን በተመለከተ አስቀድመህ ሙስሊም ባልደረባህን ለምን አትጠይቀውም? የገናን ሌሊት እርሱ ቢይዝልህ፣ አንተ ደግሞ የዒድን ዕለት ብትይዝለት በወሎ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ካልተቻለ ግን ጸጸት ይዘህ አትደር። ጠዋት ከሥራ ስትወጣ ወደ መኝታ ከመሄድህ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሳልመህ እለፍ፤ ከዚያ ወረኢሉ ደውልና እናትህን እንኳን አደረሰሽ በላት። ድምፅህን ስትሰማ በዓሉ ለእርሷም ይገባላታል።

ጥያቄ፦ «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የምኖረውም ደሴ ነው። ለብዙ ዓመት ቡና አብረን የጠጣን ክርስቲያን ጎረቤቴ በዚህ ዓመት ባለቤቷን ቀብራለች። በገና ጠዋት ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን በኀዘን ላይ ላለች ሴት እንኳን አደረሰሽ ማለት ነውር ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ልበላት?»

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን አደረሰሽ ይበሏት። ቃሉን ልብ ካልነው ደስ ይበልሽ አይልም፤ እግዚአብሔር እስከዚህ ቀን አደረሰሽ ነው የሚለው። ባሏን ቀብራ እዚህ ቀን ላይ ለደረሰች ሴት ከዚህ የሚስማማ ሰላምታ አይኖርም። እርሷም እንኳን አብሮ አደረሰን ትልዎታለች፤ በዚያች «አብሮ» ውስጥ ሟቹም፣ እርስዎም፣ አብራችሁ የጠጣችሁት ቡናም አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግዎትም። ስለ ባሏ ማውራት ከጀመረች ወሬውን ወደ ሌላ አይለውጡባት፤ ስሙን ይጥሩላት። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት የሚወስዱላት ነገር ካለ ጾም ላይ ስለሆነች ቅቤና ወተት የሌለበት ይሁን። በገና ዕለት ደግሞ ቡናውን ቆልተው፣ ጀበናውንም ይዘው ይሂዱ፤ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማ ስለምታድር ጥቂት ዐረፍ እንድትል ረፋድ ላይ ቢሆን ይሻላል።